ውሃ የማይሻገሩት እማማ ጠጄ

ወላጆቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርትመንታቸው ሊለቁ ሲሉ ዕቃ ላጋግዝ ሄጄ፣ ከኮሪደሩ ቁም ሳጥን ጥግ፣ ከአሮጌ ብርድ ልብሶች ሥር አንድ ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬት አወጣሁ። ሳላስበው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ታጥፎ ኖሮም ሽታው አለቀቀውም፤ የረጋ ውሃ፣ የራሰ እንጨት፣ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። እናቴ «ጣይው እሱን» አለችኝ። አባቴ ግን ከእጄ ተቀብሎ እሱም አሸተተውና «እመልሰዋለሁ እያልኩ እኮ ነው» አለ፣ ገና ትናንት የተዋሰው ይመስል። ከጀልባ አከራዮቹ ወስደን ሳንመልሰው የቀረ ንብረት ነው። ለብሰውት የነበሩት አያቴ እማማ ጠጄ ናቸው፤ ከነጠላቸው በላይ ደርበውት።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ሦስተኛው ክረምት ነበር። ክረምት የምለው በአባቴ አቆጣጠር ነው እንጂ እዚህ ሰመር ይባላል፤ ፀሐዩ አስፋልቱን ያለሰልሰዋል፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የአባቴ እናት እማማ ጠጄ ከጣና ዳር የመጡት በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። አባቴ ሲቲዝን ከሆነ ጀምሮ ወረቀታቸውን ፕሮሰስ ሲያደርግ ኖሮ፣ በስንት ደጅ ጥናት ሲመጡ አንድ ትንሽ ሻንጣና አንድ ጥቁር ጃንጥላ ብቻ ይዘው ወረዱ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው ሴት ናቸው። ወሬ አያበዙም። እናቴ እርስዎ ብዬ እንዳናግራቸው አዝዛኝ ነበር፤ እኔ ግን አንዴ እርስዎ አንዴ አንቺ እያልኩ ስቀላቅል እሳቸው ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ።

ሰባተኛ ፎቅ ስለምንኖር አሊቬተር መልመድ ነበረባቸው። የመጀመሪያው ቀን ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። በሦስተኛው ቀን እኔን ቀድመው ቁጥሩን ይጫኑ ጀመር። ፈሪ አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የመጣው ነገር ፍርሃት እንዳይመስል ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን ነበረባቸው። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው አክስቴ ዘንድ ምሳ እንሄዳለን። እማማ ጠጄ ከተማውን እስክንድርያ ይሉት ነበር፤ ጳጳሳት ይመጡበት የነበረው ሀገር መስሏቸው መጀመሪያ ቀን አዲስ ቀሚስ ለብሰው ነው የሄዱት። ወደዚያ ለመድረስ የፖቶማክን ወንዝ በትልቁ ድልድይ መሻገር ግድ ነው። ድልድዩ ላይ ልንወጣ ስንል እማማ ጠጄ ነጠላቸውን ከራሳቸው ስበው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ጎንበስ ብለው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ማዶ ስንደርስ ቀና ይላሉ፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ውጭ ማየታቸውን ይቀጥላሉ። ስንመለስም እንደዚያው።

ቤተሰቡ ሁሉ የየራሱን ትርጉም ሰጠው። እናቴ መኪና ያጥወለውላቸዋል ብላ ሎሚ ቆርጣ ትይዝላቸው ጀመር። እኔ ኩኩሉ የሚጫወቱ መስሎኝ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር «አልነጋም» ብዬ መለስኩላቸው፤ እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ከሁላችንም የባሰ የተሳሳተው ግን አባቴ ነው። እናቱ ውሃ ዳር ተወልደው ውሃ ዳር ያረጁ ሰው ስለሆኑ፣ ወንዙን ሲያዩ ሐይቃቸው ትዝ እያላቸው እንባቸውን የሚደብቁ መሰለው። «ውሃ ናፍቋት ነው» አለ እናቴን፣ መኪና ውስጥ። ሆዱ ባባ። ታክሲ ሲነዳ የሚውል ሰው ሆዱ ከባባ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እሱን ሲያሰላስል ይውላል።

አንድ ሌላ ሰው መጥቀስ አለብኝ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የአጎቴ የስመኝ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር፤ ጺሙ ገና ያልበቀለ ወጣት። እናቴን ማን ነው ብዬ ስጠይቃት መንኩሶ የጣና ደሴት ገዳም እንደገባ፣ ለዓለም እንደሞተ ነገረችኝ። ሲመነኩስ ፍትሐት ተደረገለት አለችኝ። ፍትሐት ምንድን ነው ስላት ለሞተ ሰው የሚደረግ ጸሎት ነው አለች። ስለዚህ አጎቴ ሞቷል ብዬ ዘጋሁት። ነገር ግን እማማ ጠጄ አንድ ቀን ስለ እሱ ከአባቴ ጋር ሲያወሩ «እስከ ወደቡ ይወርዳል ይላሉ፤ ከዚያ አያልፍም» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ በጭንቅላቴ ውስጥ የሙታን ደሴት ተሠራ። በጭጋግ የተከበበ ነው፤ ሙታኑ እስከ ውሃው ዳር ይወርዳሉ፣ ከዚያ አያልፉም፣ ዘመዶቻቸውን በዓይን ብቻ ያያሉ። ፎቶው ፊት ሳልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

አባቴ የናፍቆቱን መድኃኒት ያገኘው ከአንድ ተሳፋሪ ነው። ከፖቶማክ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ በድሮ ዘመን በሰው እጅ የተቆፈረ ረጅም ቦይ አለ። ያኔ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች በበቅሎ እየተጎተቱ ይመላለሱበት ነበር። አሁን ሰው የሚዝናናበት ነው። ጀልባ ይከራያል፤ ዱሮ የቦዩ ጠባቂ ይኖርበት የነበረ የድንጋይ ቤትም ለእንግዳ ይከራያል። አባቴ ሁለቱንም ያዘ። እራት ላይ ነው የነገረን።

«ሦስት ቀን ኦፍ ወስጃለሁ። ጀልባም ቤቱንም ሪዘርቭ አድርጌያለሁ። ላንቺ ነው እማ።»

እማማ ጠጄ የያዙትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱት። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉ። ከዚያ በኋላ አልበሉም። አባቴ ደስታ ነው ብሎ ተረጎመው። እኔ ደግሞ ጀልባው ወዴት እንደሚሄድ ያወቅሁ መሰለኝ፤ ወደ አጎቴ ነው። ሌሊቱን ብርድ ልብስ ተከናንቤ አደርኩ።

የታክሲ ጓደኞቹ አባቴን ሳምንት ሙሉ ሲያበሽቁት ሰነበቱ። ቤቱ መብራት የለውም፣ ቧንቧ የለውም፣ ውሃው ውጭ በእጅ እየተገፋ የሚቀዳ ነው ብሎ በኩራት ነግሯቸው ነበር። አንዱ፣ ይህንማ ሀገር ቤት በነጻ ነበረን፣ ለሱ ብለህ ነው ወይ ውቅያኖስ ያቋረጥከው ብሎት ጣቢያው በሳቅ ሞላ። አባቴ ግን አልተበገረም። ኩለር ሙሉ ምግብ፣ ሦስት ፍራሽ፣ ጄሪካን፣ የእማማ ጠጄን ጃንጥላ ጭኖ ዓርብ ጠዋት ተነሳን።

ቦዩን መጀመሪያ ያየሁበትን ጊዜ አልረሳውም። ወንዝ ያለ ድምፅ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ አይንቀሳቀስም፣ ከሁለቱም ዳር ያሉት ዛፎች በላዩ ተደፍተው ራሳቸውን ያያሉ። ወድቆ በረጠበ ግንድ ላይ ኤሊዎች ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንገተ ረጅም ግራጫ ወፍ በአንድ እግሩ ቆሞ ምንም አይሠራም። ሲልቨር ስፕሪንግ የመኪና፣ የአሊቬተርና የጎረቤት ቴሌቪዥን ድምፅ ነው፤ ከዚያ ከአንድ ሰዓት ባነሰ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተኝቶ ማንም አልነገረኝም። ድምፄን ቀንሼ ነው ያወራሁት፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባሁ።

አከራዩ ለያንዳንዳችን ላይፍ ጃኬት ሰጠን። እናቴ ገባች፣ እኔ ገባሁ፣ አባቴ እጁን ለእናቱ ዘረጋ። እማማ ጠጄ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

«እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ።

አባቴ የቀለዱ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ለመነ። ከዚያ እሷ እኮ ታንኳ ቀዝፋ ነው ያሳደገችን ብሎ ለእናቴ በቁጣ ያስረዳ ጀመር። እማማ ጠጄ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ዱሮ በቅሎዎቹ ይሄዱበት በነበረው የቦዩ ዳር መንገድ ላይ መራመድ ጀመሩ።

አባቴ በተናደደበት ላይ ደግሞ ሌላ ውርደት መጣበት። የጣና ዳር ልጅ ነኝ እያለ ሲፎክር የኖረ ሰው ነው፤ አከራዩ ወጣት ስለ አቀዛዘፉ ሊያስረዳው ሲል «አይ ኖው፣ አይ ኖው» ብሎ አሰናብቶታል። አሁን እንደ ታንኳ ፊቱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አድርጎ ተቀመጠና ሁለቱን መቅዘፊያ በኃይል ሳበ። ጀልባዋ ወደ ኋላ ሄዳ ከአከራዮቹ መድረክ ጋር ተላተመች። ደግሞ ሳበ፣ ደግሞ ተላተመች። የሌሎቹን ጀልባዎች ቀዛፊዎች ሲያዩ የቆዩት እማማ ጠጄ ከዳር ሆነው ረጋ ብለው ተናገሩ፦ «ጌታሁን፣ ጀርባህን አዙር። የነሱ ጀልባ በጀርባ ነው የሚኬድባት።» ዞረ። ሄደች። እናቴ እስከ ቀትር ድረስ ከንፈሯን ነክሳ ነው የተጓዘችው።

እንዲህ ሆነን ሄድን፤ እኛ በውሃው፣ እሳቸው በመንገዱ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ልክ በጀልባዋ ፍጥነት። ሯጮችና ብስክሌተኞች ሲያልፉ ሰላም ይሏቸዋል፣ እሳቸውም በአማርኛ እንደምን ዋላችሁ ይላሉ። አንድ ጊዜም ወደ ውሃው አላዩም። አባቴ እየቀዘፈ የእናቱን ፊት ያያል፤ ፊቱ ደም መስሏል።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ትልቅ የእንጨት በር ያለበት ቦታ ደረስን። ጀልባችንን ዳር አስረን ወጣን። እዚያ ያየሁትን ነገር እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። መሬቱ ሽቅብ ስለሚወጣ ቦዩም እንደ ደረጃ ነው የተሠራው፤ የላይኛው ውሃ ከታችኛው ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ይላል። በሁለቱ መካከል ከፊትና ከኋላ በር ያለው ጠባብ የድንጋይ ክፍል አለ። ስንደርስ ጎብኚዎች የጫነ አንድ ረጅም ጀልባ በሁለት በቅሎ እየተጎተተ መጣና ከታች ወደ ክፍሉ ገባ። የኋላው በር ተዘጋበት። ሰዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ቆመው ሽቅብ ያዩናል። ከዚያ ከላይኛው በር ሥር ውሃ ተለቀቀ። ጀልባው መነሳት ጀመረ። ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልሳበው። መጀመሪያ ባርኔጣቸው፣ ከዚያ ፊታቸው፣ ከዚያ ጉልበታቸው ከድንጋዩ አፍ ብቅ አለ።

«የውሃ አሊቬተር» አልኳቸው እማማ ጠጄን። ዞሬ ሳይ ጃንጥላቸው መሬት ወድቋል፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ውሃውን ያያሉ። ውሃ ሲያዩ ያየኋቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ኋላ በቅሎዎቹን ጠጋ ብለው ዳበሷቸውና፣ በቅሎ ጀልባ ስትጎትት አየሁ ብል ቀዬው ሁሉ ጠጅ ጠጥታ ነው ይለኛል አሉ።

በሩን የሚጠብቁት ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ልጆች ኑ ግፉ ብለው ጠሩን። ከበሩ ራስ ላይ የዛፍ ግንድ የሚያህል ምሰሶ ወጥቷል፤ በሩ የሚከፈተው እሱን በመግፋት ነው። ሄጄ ተጫንኩት። ንቅንቅ አላለም። አባቴ፣ ንዴቱንም ሊወጣበት መሰለኝ፣ መጥቶ በትከሻው ተደገፈበት፤ ደም ሥሩ እስኪገተር ገፋ። ምንም። ሽማግሌው እየሳቁ አንድ ነገር ተናገሩ። እማማ ጠጄ እጄን ይዘው «ምን አሉ?» አሉኝ።

በተሰባበረው አማርኛዬ ነገርኳቸው። ውሃው ገና እኩል አልሆነም ብለዋል። በዚህኛው በኩልና በዚያኛው በኩል ያለው ውሃ ካልተካከለ መቶ ሰው ቢገፋ አይከፈትም፤ ከተካከለ ግን ልጅም ይከፍተዋል።

«የትኛው ነው የሚንቀሳቀሰው? የላዩ ነው የታቹ?»

ጠይቄ መለስኩላቸው፦ «የላዩ ይለቃል፣ የታቹ ይነሳል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው ምልክት ሲሰጡኝ ምሰሶውን ያዝኩ። ከእጄ አጠገብ ሌላ እጅ አረፈ፤ ቀጭን፣ የደም ሥሩ የወጣ። አብረን ገፋን። ያ አባቴን ያሸነፈ በር ያለ ድምፅ ተከፈተ።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ አባቴ ከድንጋዩ ቤት ውጭ ጄሪካኑን እየሞላ ለእናቴ ሲያጉረመርም ሰማሁት። ይህን ሁሉ ያደረግሁት እሷን ለማስደሰት ነው፣ ምን አጠፋሁ ይላል። አዘንኩለት። እማማ ጠጄን ጀልባ ላይ የማስወጣው እኔ ነኝ ብዬ ወሰንኩ። ምክንያታቸውን የማውቅ ይመስለኝ ነበራ፤ የሙታኑን ደሴት ፈርተው ነው።

በማግስቱ አባቴና እናቴ ጀልባዋን ሲያዘጋጁ እኔ ከእማማ ጠጄ ጋር በመንገዱ ቀድሜ ሄድኩ። ጥቂት እንደሄድን ይህ ጀልባ አጎቴ ጋ አይደርስም፣ አይፍሩ አልኳቸው። ቀጥዬም የሚያስጨንቀኝን ጠየቅኋቸው፤ አጎቴ ሞቶ እያለ እንዴት ነው እስከ ወደቡ የሚወርደው?

ቆሙ። ወደ ታች አዩኝ።

«ልጄ አልሞተም» አሉ። «እኔ ነኝ እንደ ሞተ ያደረግሁት።»

ከዚያ አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ለአባቴ እንኳን ያልነገሩትን ለእኔ ነገሩኝ። አባቴ ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበር። ስመኝ አንድ ማለዳ ሳይሰናበታቸው ወደ ገዳሙ ሲሄድ ሰምተው ሮጡ፤ ሲደርሱ ታንኳው ከዳር ርቋል። ገዳሙ ሴት አይገባበትም። እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው በቁጣ ማሉ፦ አንተ ራስህ መጥተህ ካልወሰድኸኝ እግሬ ታንኳ አይረግጥም፣ ውሃ አልሻገርም፤ ብሻገር ዓይንህን አያሳየኝ። በየዓመቱ በንግሥ ጊዜ በተሳላሚ ይልክባቸዋል፤ እስከ ወደቡ ትምጣ፣ ሴትም እስከዚያ ትደርሳለች፣ እወርዳለሁ ይላል። እሳቸውም እሱ ይምጣ ብለው ይመልሳሉ። እሱ ደግሞ ከደሴቱ ላይወጣ ቃል ገብቷል። አሥራ ሁለት ዓመት። ጌሾና ሎሚያቸውን ለመሸጥ በታንኳ ይሻገሩት የነበረውን በእግራቸው ቀኑን ሙሉ ይዞሩት ነበር። ድልድይ ላይ ፊታቸውን የሚሸፍኑት፣ ያላዩትን ውሃ እንደተሻገሩ እንዳይቆጠርባቸው ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ካርታ የማንበብ ጎበዝ ነኝ ብዬም አምናለሁ። «ግን እኮ እማማ፣ ትልቁን ተሻግረሽዋል» አልኳቸው።

«የቱን?»

እንጨት አንስቼ መንገዱ አቧራ ላይ ሣልኩ። ይህ ኢትዮጵያ ያለበት፣ ይህ እኛ ያለንበት፣ በመሃል ያለው ሁሉ ውሃ። አንድ ባሕር እንዳለ እንደሰሙ፣ ጣናን ቢበዛ ሁለት እጥፍ የሚያህል መስሏቸው እንደነበር ነገሩኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠውን ልጅ ጠይቀውት፣ ከደመና በላይ ነን፣ እዚህ ውሃ የለም ብሎ አረጋግቷቸዋል። እንዲያም ሆኖ ነጠላቸውን ተከናንበው ነው የመጡት። «ጣናስ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። በጥፍሬ አንድ ነጥብ አደረግሁ። እሷም በዝታለች አልኳቸው።

ነጥቧን አዩ። ያን ሁሉ አቧራ አዩ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። እማማ ጠጄ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ። «ይህን ሁሉ ውሃ ተሻግሬ ነው እስክንድርያ ስሄድ በነጠላ የምሸፈነው!» አሉ። ሳቁ መሃል ላይ ሳይታወቀኝ ወደ ለቅሶ ዞረ። የማሉት መሐላ ትዝ ብሏቸው ነው፤ ብሻገር ዓይንህን አያሳየኝ ብለዋል። ደነገጥሁ። አጎቴን ለሁለተኛ ጊዜ የገደልኩት እኔ መሰለኝ። ሥዕሉን በእግሬ ላጠፋ ስል እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉኝ።

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ትናንት ያ ሽማግሌ ምን ነበር ያለው?» አሉኝ። ደገምኩላቸው፤ የላዩ ይለቃል፣ የታቹ ይነሳል።

«እኛ ሁለታችንም ቆመን ነው የኖርነው» አሉ። «መሐላው እንደሆነ ባሕሩ ውስጥ ሰጥሟል። የሰጠመ ይዤ ምን ልሆን።»

ተነስተው ወደ ኋላ ተመለሱ። አባቴ ጀልባዋ ውስጥ ለብቻው አኩርፎ ተቀምጧል። «ጌታሁን፣ ያን ጃኬት ስጠኝ» አሉት። ከነጠላቸው በላይ አለበሳቸው፤ ማያያዣውን ሁለት ጊዜ ሳተ። ጫማቸውን አወለቁ። አማተቡ። ቀኝ እግራቸውን አንስተው አየር ላይ ትንሽ ያዙት፤ ያን እግር፣ ጣቶቹ የተንጨፈረሩትን፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀውን፣ አሁንም አየዋለሁ። ከዚያ ጀልባዋን ረገጡ። ጀልባዋ ወዝወዝ ብላ ተቀበለቻቸው።

እኔና እናቴም ተከትለን ገባን። ብዙም አልሄድንም። «ማዶ አድርሰኝ» አሉት አባቴን። የቦዩ ስፋት ድንጋይ ቢወረወር ማዶ የሚደርስ ነው፤ አባቴ ግራ እየገባው ሊቀዝፍ ሲል ተወኝ ብለው አንዱን መቅዘፊያ ከማሰሪያው አወጡት። ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ፊታቸውን ወደፊት አድርገው ተንበረከኩና አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ውሃውን ወጉት፣ እንደ ደንገል ታንኳ። ያቺ አባቴን ስታዋርደው የዋለች ጀልባ ቀጥ ብላ ሄደች። ውሃው ላይ አንድም ድምፅ የለም። ግራጫው ወፍ እንኳን አልተነሳም። እናቴ በእጄ ላይ እጇን አደረገች። እኔ አያቴን አላውቃቸውም ነበር ማለት ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ አሊቬተር ያለማመድኳቸው አሮጊት እኚህ አልነበሩም። ማዶ ደርሰን ዳሩ ላይ ያለውን ድንጋይ በእጃቸው ነኩ።

«ተሻገርሁ» አሉ ለራሳቸው። ቀጥለውም፣ «መልሰኝ።»

ጃኬቱን እስከ ቤት ድረስ አላወልቅም አሉ። አባቴ ለአከራዩ ነገ አመጣዋለሁ ብሎት ነው፤ ነገው እስካሁን አልመጣም። በሚቀጥለው እሑድ ወደ አሌክሳንድሪያ ስንሄድ ድልድዩ ላይ መስኮቱን አስወርደው፣ ነጠላቸው በነፋስ እየተውለበለበ፣ ወንዙን ግራና ቀኝ አዩት። አባቴን ቀስ በል አሉት። ቀስ አለ፤ ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ነፋብን።

የነፍስ አባት ዘንድ ሄደው ተናዘዙ፤ ሰባት ቀን ጾምና ስግደት ተሰጣቸው፣ ሳሎን ከአጎቴ ፎቶ ሥር ሰገዱ። ከዚያ ልሂድ አሉ። አባቴ ይህን ሁሉ ዓመት ደጅ ጠንቶ ያመጣቸው ስለሆነ አመመው። እዚህ ምን ጎደለብሽ ብሎ ጠየቃቸው።

«ምንም አልጎደለብኝ። አንተን አየሁህ። የቀረኝ አንድ ነው።»

በመስከረም ሸኘናቸው። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ተደወለ። የሚደውለው እስከ ገዳሙ አብሯቸው የሄደ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። አባቴ ኩሽና ውስጥ ቆሞ ሲያዳምጥ እኔና እናቴ ፊቱን እናያለን። ቆሞ ጀመረ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ወረደ። ስልኩን ሲዘጋ የሰማውን ነገረን።

እማማ ጠጄ በማለዳ ታንኳ ተሳፈሩ። ልጃቸው ሳይሰናበት ከሄደባቸው ወደብ ተነስተው፣ ቀዛፊውን ተወው እኔ ልያዝ ብለው፣ ራሳቸው ቀዝፈው ሄዱ። ስመኝ ከገዳሙ ወርዶ ውሃው ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። አንድ ድንጋይ ላይ እሳቸው፣ አንድ ድንጋይ ላይ እሱ ተቀምጠው እስከ ቀትር አወሩ። መጀመሪያ የነገሩት ስለ በቅሎዎቹ ነው፤ አላመናቸውም።

«ላንቺም መልእክት አላት» አለኝ አባቴ፣ ከወለሉ ላይ ሆኖ፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «ለልጅቱ ውሃው ተካከለ በሏት ብላለች።»